የሮቤ ሶፋ፣ የሐረና ቀፎ

ሮቤ ከተማ ሶፋ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ወደ እንጨት ሥራ ቤት የሚገባው ስልኩን አውጥቶ ነው። "እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ" ይላል። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ከቱርክ ይምጣ ከዱባይ፣ ወይስ ከቻይና ፋብሪካ ካታሎግ ተቆርጦ የወጣ ይሁን፣ ደንበኛውም አናጢውም አያውቁም። ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ስክሪንሾት እየዞረ እዚህ ደርሷል። አናጢው ፎቶውን በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል፣ መልሶ ያጠብበዋል። የሶፋው ጀርባ አይታይም። እግሩ ምንጣፍ ውስጥ ሰምጧል። ውስጡ በምን እንደተያያዘ የሚያውቅ የለም። "ይቻላል" ይላል አናጢው። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ቀብድ ይከፈላል፣ በቃ።

እኛ አገር "ዲዛይን" ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወይ የልብስ ነው ወይ የሕንፃ ፕላን ነው። ወንበር፣ ምድጃ፣ ቀፎ፣ ማረሻ፣ የውሃ መቅጃ ዲዛይን ይደረጋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እነዚህ እንዲሁ "ይሠራሉ"። ስለዚህ "ኮምፒውተር የዲዛይነሩን ፈጠራ ገደለው ወይስ አሳደገው?" የሚለው ዓለም አቀፍ ክርክር እኛ ጋ ሲመጣ ትንሽ የተንሳፈፈ ይሆናል። አንዱ ወገን በእርሳስና በወረቀት የማይጀምር ሰው ዲዛይነር አይደለም ይላል። ሌላው ወገን ሶፍትዌር የሌለው ሰው ገና ድንጋይ ዘመን ላይ ነው ይላል። ሁለቱም ቡና እየጠጡ ይከራከራሉ። ሮቤ ላይ ያለው አናጢ ግን ከሁለቱም አይደለም። እጅ አለው፤ ስልክም አለው። መሀል ላይ መሆን የነበረበት ነገር ነው የጠፋው።

ልብ በሉ፣ ወደ ባሌ የገባው "ዲጂታል መሣሪያ" መሳያ ሶፍትዌር አይደለም። የገባው ያለቀለት ሥዕል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። መሳያ ሶፍትዌር "ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ያለቀለት ሥዕል ግን ጥያቄውን ራሱ መልሶ ጨርሶታል።

ሥዕል ምን ያህል አእምሮን እንደሚያስር በሙከራ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዴቪድ ጃንሰንና ስቲቨን ስሚዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች የዲዛይን ሥራ ለተወሰኑ ሰዎች ሰጡ። ግማሾቹ ከትእዛዙ ጋር አንድ የምሳሌ ሥዕል ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ አልተሰጣቸውም። ከሥራዎቹ አንዱ የማይደፋ የቡና ስኒ ነበር። የምሳሌው ሥዕል ሆን ተብሎ ጉድለት ያለበት ነው። የሚገርመው፣ ሥዕሉን ያዩት ሰዎች ጉድለቱንም ጭምር ቀዱት። ትእዛዙ ላይ "ስትሮ አትጠቀሙ" ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ ሥዕሉ ላይ ስትሮ ስለነበረ ስትሮ ያለበት ስኒ ይዘው የመጡ ነበሩ። እነዚህ እንግዲህ የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። ታዲያ ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ "ከሥዕሉ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ ገንዘቤን ትመልሳለህ" የሚለው የሮቤ አናጢ ምን ሊያደርግ ነው?

ወደ ሶፋው እንመለስ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ ከ2,700 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ሰኔቲ አምባ የወጣ ሰው 4,000 ሜትር ላይ ይደርሳል። ብርዱን ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ የሚያውቅ ማስረጃ አይፈልግም። በዚያ ላይ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ የምትዘራ፣ ሁለት ጊዜ የምታጭድ አገር ናት፤ ገበሬው አንዱን ገና፣ ሌላውን ቦና ይለዋል። ሁለት የእርሻ ወቅት ማለት ሁለት ዝናብ ማለት ነው። ከሥዕሉ ላይ የተቀዳው ሶፋ ግን ኤርኮንዲሽነር ላለው ሳሎን የታሰበ ነው። ዝቅ ያለ ነው፤ ከቀዝቃዛው ወለል ጋር ተጣብቋል። ጀርባው አጭር ስለሆነ ጋቢ ተከናንቦ ለሚቀመጥ ሽማግሌ ማረፊያ የለውም። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ኤምዲኤፍ ይገባበታል። ኤምዲኤፍ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ የተጋገረ ሰሌዳ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ወለሉ በየቀኑ በውሃ በሚወለወልበት ቤት፣ ክረምቱ ሁለት ጊዜ በሚመጣበት ከተማ፣ እግሩ ኤምዲኤፍ የሆነ ዕቃ ስንት ዓመት ይቆማል?

እዚህ ላይ "ድሮ ቀረ" ብዬ ስለ ኮሶ እንጨት ማልቀስ እችል ነበር። የባሌና የአርሲ ደጋ አናጢ ለረጅም ዘመን ያመነው እንጨት ኮሶ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ለመሮና ለመላጊያ የሚመች። ግን ኮሶው አልቋል፤ የቀረውም ጥበቃ የሚገባው ነው። ደግሞም ስልኩን ጠላት ማድረግ ሞኝነት ነው። በዚያው ስልክ ላይ የመበየጃ ማሽን አጠቃቀም ከዩቲዩብ የተማረ ወጣት ጥቂት አይደለም። እንግሊዝኛም ሆነ ሂንዲ ባይሰማም እጁን አይቶ ይማራል። እጅ ደግሞ ትርጉም አይፈልግም። እኔ የምለው አናጢው ቀጂ ሆኖ እንዲቀር ያደረገው ስልኩ ብቻ አይደለም ነው።

ሌላው ግማሽ የት አለ? ሌላው ግማሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል።

የምህንድስና ተማሪ የነበረ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። አንደኛ ዓመት ላይ በቲ ስኩዌርና በእርሳስ መስመር መሳል ይጀመራል። ቀጥሎ አውቶካድ ይመጣል። ከዚያ ሶሊድወርክስ ወይም ካቲያ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀዳ። መመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ አምስት ልጆች ተሰብስበው "ሁለገብ የእህል መውቂያ" ይሠራሉ። ይሠራሉ ስል ስክሪን ላይ ማለቴ ነው። ብሎኑ ሳይቀር በሦስት አቅጣጫ ይዞራል፣ ጥላ ይጥላል፣ ያብረቀርቃል። ፓወር ፖይንቱ ይቀርባል፣ ጭብጨባ አለ፣ ፕሮጀክቱ በጥቁር ልባስ ይጠረዝና መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት አምስት ሌሎች ልጆች ሌላ መውቂያ ይሠራሉ። ያኛው መውቂያ ስንዴ በልቶ አያውቅም። የብረቱ ውፍረት መርካቶ ውስጥ የሚሸጥ ውፍረት ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀም። ስክሪን ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ሶፍትዌሩ ብየዳ ሲግል ብረት እንደሚጣመም በራሱ አይነግርህም፤ ያንን ቆማጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲበይድ የዋለ ልጅ ያውቀዋል።

ይህ ልጅ ማነው? ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር የሚበይደው ነው። ሥዕሉን የሚሠራው ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ነው። ወለሉ ላይ ይሥላል፣ ብረቱን ሥዕሉ ላይ ያስተኛል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ከዚያ በእግሩ ያጠፋዋል። ተመራቂው ይስላል እንጂ አይሠራም፤ እሱ ይሠራል እንጂ ሥዕሉ አይቀርለትም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ማንም ሲሻገረው አይታይም።

ለምን? መልሱ ከኮምፒውተር በፊት ነው ያለው። የኛ አገር ሰው የሚሠራ እጅን ንቆ ነው የኖረው። ብረት የሚመታውን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ ብሎ ሰድቧል። በኦሮሞውም ዘንድ ቱምቱው፣ ማለትም አንጥረኛው፣ ማረሻና ጦር ሲሠራ ተፈላጊ፣ ለጋብቻ ሲመጣ የሚሸሽ ሰው ነበር። ነገሩ ከመባሱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፤ ርቀቱ ግን አለ። "ተምሬ ተምሬ እጄን ግራሶ ልቀባ?" የሚለው ተመራቂ የምኒልክን ዘመን ሰው ቋንቋ ነው የሚናገረው። ኮምፒውተሩ ይህን ንቀት አልፈጠረውም። ንጹሕ ወንበር ግን ሰጠው።

ፈረንጅ እንደዚህ አያደርግም። መኪና የሚሠሩ ታላላቅ ኩባንያዎች እጅግ ውድ ሶፍትዌር ይዘው፣ አሁንም አዲስ መኪና ሲያወጡ በሙሉ መጠኑ ከጭቃ ይሠሩታል። አዎ፣ ከጭቃ፤ ለሥራው የተዘጋጀ የኢንዱስትሪ ጭቃ ቢሆንም። ቀራጩ በእጁ ይፍቀዋል፣ በመዳፉ ይዳስሰዋል፣ ከዚያ በስካነር ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተር ይመለሳል። ጄምስ ዳይሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ከረጢት የሌለውን የቤት መጥረጊያ ማሽን ለማውጣት 5,127 ሙከራ ሠርቷል፤ የመጀመሪያው ከካርቶንና ከፕላስተር ነበር። ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ያወጣው ጄፍ ሃውኪንስ ደግሞ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ከትቶ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲጠየቅ እንጨቷን አውጥቶ የሚጽፍ ይመስላል። ሰው አብዷል ሳይለው አልቀረም። እሱ ግን ኪስ ውስጥ የማይገባ ዕቃ ስክሪን ላይ ምንም ቢያምር ዋጋ እንደሌለው ገብቶታል።

እንግዲህ ወደ ቀፎው። ከሮቤ በጎባ አድርጎ ሰኔቲን አቋርጦ ቁልቁል የወረደ ሰው ሐረና ጫካ ይገባል። ሪራ የምትባለው መንደር አካባቢ ቀርከሃው ይጀምራል። ቀና ካላችሁ ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ ሞላላ ነገሮች ታያላችሁ። ቀፎ ናቸው፤ በኦሮምኛ ጋጉራ። ከቀርከሃ የተሸረቡ ወይም ከተቦረቦረ ግንድ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቀፎ በጣም የታሰበበት ዕቃ ነው፤ በአካባቢው ባለ ነገር ይሠራል፣ ይቀላል፣ በገመድ ይሳባል፣ ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል ከብዙ ጠላት ይርቃል። ችግሩ አንድ ነው። ንቧ እንጀራዋን ከቀፎው ግድግዳ ጋር አጣብቃ ስለምትሠራ፣ ማር የሚቆርጠው ሰው ሲቆርጥ ጎጆዋን ያፈርሰዋል። ዕጩም ንብም አብሮ ያልቃል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሣጥን ቀፎ ነው፤ "ዘመናዊ ቀፎ" የምንለው። መሠረቱ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋላት ቀጭን ነገር ናት፦ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ክፍተት ሲያገኙ መተላለፊያ አድርገው ይተዉታል። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል። ስለዚህ ፍሬሙ ከሣጥኑ ግድግዳ ትክክለኛ ርቀት ላይ ከተሰቀለ ንብ ሳትጎዳ ይወጣል፣ ማሩ ይወሰዳል፣ ይመለሳል። ድንቅ ነው። ግን ዲዛይኑ በሙሉ በሚሊሜትር ላይ የቆመ ነው። ደረቅ ጣውላና ደህና ማሽን ያለው ይሠራዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይዞ በእጅ መጋዝ የሚሠራው አናጢ ግን በዕለቱ ልክ ቢያወጣው እንኳ፣ ጣውላው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። የንቧ መንገድ ይዘጋል። ዘመናዊው ቀፎ ተመልሶ ባህላዊ ይሆናል፤ ልዩነቱ ውድ መሆኑ ብቻ ነው። የማር መጭመቂያ ማሽንና ሰም ማተሚያም ይፈልጋል።

በሁለቱ መካከል ያለው ዕቃ ነው እኔን የሚገርመኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳውያንና ኬንያውያን ተባብረው ያወጡት የኬንያ ቀፎ የሚባለው ነው፤ እኛ ጋ "የሽግግር ቀፎ" ይባላል። ግድግዳው ከምንም ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ከጨፈቃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ጨፈቃ ቀፎ ይሉታል። ከቀርከሃም ይሠራል። ቅርጹ ትንሽ ቢንጋደድ ንቧ አትቆጣም። ሚስጥሩ ያለው ከላይ በሚደረደሩት እንጨቶች ላይ ነው። የእያንዳንዱ ስፋት 32 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የኛ ንብ ከአንድ እንጀራ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል የምትተወው ርቀት ያ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ንብ ሰፋ ታደርጋለች፤ 35 አካባቢ። 32 ከሆነ ንቧ በእያንዳንዱ እንጨት ሥር አንድ እንጀራ ታንጠለጥላለች፤ አንዱን ብድግ አድርገህ ማየት ትችላለህ። ከተበላሸ ግን እንጀራው ከአንድ እንጨት ወደ ሌላው እየተሻገረ ይያያዛል፤ ማንሣት አይቻልም።

ሒሳቡን ሥሩት። አናጢው በእያንዳንዱ እንጨት ላይ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቢያሰፋ፣ ሃያኛው ላይ ሲደርስ ስህተቱ ተደምሮ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ ሙሉ እንጨት ይበልጣል። ንቧ በራሷ ልክ ስትቀጥል ከመስመር ወጣች ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ቀፎ ውስጥ አንድ ልክ ብቻ አለች፣ እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። የቀረው ሁሉ ለእጅ የተተወ ነው፤ ቀርከሃ ያለው በቀርከሃ፣ ጨፈቃ ያለው በጨፈቃ፣ ሽመናውን ያየው ከአባቱ፣ ከፍታውን የሚመርጠው እሱ። ይህን ዕቃ ያሰበው ሰው የትኛው ለማሽን፣ የትኛው ለእጅ እንደሆነ ለይቷል። የዲጂታልና የእጅ ክርክር ውስጥ ጊዜያቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ይህን ቀፎ አንድ ቀን ገልብጠው ቢያዩት እወዳለሁ።

ማረሻም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ ግን በተቃራኒው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእንስሳት ምርምር ሰዎች ውሃ ለሚተኛበት ጥቁር አፈር መፍትሔ ፈለጉ። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አያይዘው መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ፤ ቢቢኤም ይባላል። 80 ሴንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ። ወረቀት ላይ ፍጹም ነው። በሬው ግን ወረቀት አላነበበም። የመጀመሪያው የእንጨት ቅርጽ ከባድ ነበር፤ በኋላ በብረት ክንፍ ተተካ። ከዚያም በኋላ መለሰ ተመስገን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ማረሻን ለዓመታት አጥንተው፣ በዶክትሬታቸውም በዚሁ በእርሻ መሣሪያ ጉዳይ ሠርተው፣ አይባር የሚባለውን ቀለል ያለ ቢቢኤም አወጡ። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ የገበሬው የራሱ ነው፤ የተለወጠው የሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ነው። እርፍ የጨበጠ ሰው ከሚያውቀው ጀመሩ እንጂ ከባዶ ስክሪን አልጀመሩም።

ባሌ ውስጥ ደግሞ ይህን ነገር በየመኸሩ የሚሠራ፣ ግን ማንም ዲዛይነር ብሎ የማይጠራው ሰው አለ፦ ቶርኖ ቤት ያለው ሰውዬ። የሲናናና የአጋርፋ ሜዳ ስንዴ በኮምባይነር ነው የሚታጨደው። ኮምባይነር አጨዳ መሀል ላይ ተሰበረ እንበል። መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ሰማዩ ጠቁሯል። ባለማሽኑ የተሰበረውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ሮቤ ይመጣል። ባለቶርኖው ሁለቱን ስባሪ ይገጥማል፣ በካሊፐር ይለካል፣ የተሰበረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ አዲሱን ሲሠራ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ያወፍረዋል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅ ይህንኑ በሶፍትዌር ያደርገዋል፤ ዕቃው የሚጨነቅበት ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆንለታል። ባለቶርኖው ቀዩን በስባሪው ላይ አይቶታል። ሁለቱ ያወቁት አንድ ነገር ነው።

ልዩነቱ በኋላ ይመጣል። ባለቶርኖው ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ምሳውን ይበላል። ያወፈረው በስንት ሚሊሜትር እንደሆነ የተጻፈ የለም። የሚቀጥለው ዓመት ያው ዕቃ ሌላ ኮምባይነር ላይ ሲሰበር፣ ሌላ ቶርኖ ቤት ከዜሮ ይጀምራል። እሳቸው ሲያረጁ ያ ሁሉ እውቀት አብሮ ይሄዳል። እዚህ ቦታ ላይ ነው ኮምፒውተር የሚያስፈልገው። ለማብረቅረቅ ሳይሆን እንዳይረሳ። አንድ ተመራቂ ላፕቶፑን ይዞ አንድ አጨዳ እዚያ ቤት ቢቀመጥ፣ የተሰበረውን ሁሉ እየለካ፣ እየሳለ፣ የተጨመረውን ውፍረት እየመዘገበ ቢውል፣ ጥቁር ልባስ ካለው ጥራዝ የሚበልጥ ፋይል ይኖረዋል። የባሌ ኮምባይነር የት የት እንደሚሰበር የሚናገር ፋይል። ይህን የሚገዛ መለዋወጫ ነጋዴ አይጠፋም።

አንድ ነገር ላክልና ወደ ቀፎው ልመለስ። ጀሪካን። ይህች ቢጫ ዕቃ የማትገባበት ቤት የለም። ስሟ የመጣው ከጀርመኖች ነው፤ እንግሊዞች ጀርመኖችን "ጄሪ" ብለው ይጠሩ ነበር። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለነዳጅ የሠሩት የብረት ዕቃ ነው፤ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ሦስት እጀታ ያለው። ሦስቱ እጀታ ያለምክንያት አልነበረም፦ አንድ ወታደር ባዶውን ሁለት ሁለት በአንድ እጁ እንዲያነሣ፣ ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲጋራው ነው። ወደ እኛ የመጣችው ፕላስቲኳ፣ ዘይት ተሸጦባት ያለቀች፣ አንድ እጀታ ብቻ አላት። እሷን ደግሞ የባሌ ሴት በእጇ አትይዛትም፤ በገመድ አስራ በጀርባዋ ታዝላታለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። እንስራው ለጀርባ የተሠራ ነበር፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ገመድ የሚይዝ። ጀሪካኗ ጠርዝ አላት፣ ጠርዟ ደግሞ ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው። ገመዱን የት እንደምታስር፣ ከጀርባዋና ከዕቃው መካከል ምን ጨርቅ እንደምታደርግ ያወቀችው እሷ ራሷ ናት። ይህ ዲዛይን ነው። ጀሪካኑን የሚሠራው ፋብሪካ መጥቶ "እንዴት ነው የምትሸከሚው፣ እህቴ?" ብሎ ጠይቋት አያውቅም። የእጅ መሣሪያም የሶፍትዌርም ጉድለት አይደለም ይህ። የሥራ ልማድ ነው። ሶሊድወርክስ የሚችል አንድ ልጅና ውሃ የምትቀዳ አንዲት እናት አንድ ቀን ቢቀመጡ፣ የጀሪካኗ ጀርባ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ወገብ ላይ ሲያርፍ ይታየኛል።

ለማንኛውም፣ ቀፎው። የሚያስፈልገው ማሽን ቀላል ነው። ከብረት ወይም ከጠንካራ እንጨት የተቆረጠ፣ 32 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው መለኪያ። አናጢው የላገው እንጨት ቀዳዳው ውስጥ ካልገባ ሰፊ ነው፤ ገብቶ ከተወዛወዘ ጠባብ ነው። ሜትር ማንበብ አይጠይቅም። ሮቤ ላይ ያለ አንድ የምህንድስና ተማሪ በኮምፒውተር ስሎ፣ በአንድ ከሰዓት ብረታ ብረት ቤት ሄዶ ሃያውን ያስቆርጣል። ሪራ ወርዶ ለንብ አናቢዎቹ ሲሰጣቸው ግን ዝም ብሎ ይስማ። ከባድ ነው ሊሉት ይችላሉ፤ ብርዱ ላይ እጅ ያቃጥላል ሊሉት ይችላሉ። እኔ ሳስበው የመጀመሪያው አስተያየታቸው ጥግ ላይ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው የሚል ነው፤ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ገመድ አስገብቶ ወገቡ ላይ እንዲያስረው።